ሳልወልድ አራስ የሆንኩበት ክረምት

ለሁለተኛ ጊዜ ከጀሞ የወጣሁበትን ምሽት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ታውቁታላችሁ፤ የሁላችንም አንድ ነው፣ ሻንጣ፣ ለቅሶ፣ ኤጀንሲ። ሁለተኛው ግን የኔ ብቻ ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ የጀመረ እስከ ምሽት አላባራም ነበር። እማዬ ሻንጣሽን ከአራተኛ ፎቅ እኔ ራሴ ካላወረድኩ ብላ ከራሷ ጉልበት ጋር ግብግብ ገጠመች፤ ደረጃ የሚያማት ሴት ናት። እኔ ደግሞ ደረቴ በኦፕራሲዮን ጡት መያዣ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ፣ ቦርሳ እንኳን ትከሻዬ ላይ ማንጠልጠል ተከልክዬ፣ ባዶ እጄን ከኋላዋ እየወረድኩ በሀፍረት ልሞት ነው። ታክሲው ውስጥ ስገባ በመስኮቱ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና “ቶሎ ድረሺ፣ የሚጠብቅሽ አለ” አለችኝ። ዱባይ ያለችውን ማናጀሬን መሰለኝ። “እሺ እማዬ” ብያት ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። መጀመሪያ ሰው ቤት ነበርኩ፣ ከዛ ወጥቼ ሙያ ለመድኩ። የራሴ ገንዘብ እጄ መግባት ሲጀምር ጡቴን ተሠራሁ፣ ሲሊኮን አስገባሁ። ለምን አትበሉኝ። ወንድ ብሎኝ አይደለም፣ ጓደኛም አልገፋፋችኝም። ሰው ቤት ሳለሁ ሰውነቴ ከስቶ አልቆ ነበር፤ በራሴ ጊዜ መልሼ ገዛሁት፣ በቃ። አንዳንዶቻችሁ አሁን ከንፈር እየመጠጣችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምጠጡ። እኔ ለዓመታት ደስ ብሎኝ ለብሼበታለሁ።

ከዛ የቀኙ መጠንከር ጀመረ። ስተኛ ይወጋኛል፣ ቅርጹም ወደ ላይ ሸሸ። ሐኪሙ በማሽን አየና ውስጡ ተቀዷል፣ ዙሪያውን ጠባሳ አንቆታል፣ ሁለቱም ወጥተው በአዲስ ይቀየሩ አለ። ተቀየሩ። ስወጣ የነገረኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ከባድ አታንሺ። እጅሽን ከትከሻሽ በላይ አታውጪ። አንዱ ወገን ከሌላው ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ካበጠ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።

“ካልመጣሁስ?” አልኩት ለቀልድ።

“ትመጫለሽ” አለኝ። “ያኔ ግን የምንጠግነው ሳይሆን የምናወጣው ነው የሚሆነው።” አልሳቀም።

እዛው ዱባይ ማገገም ነበረብኝ፣ ግን የት? የምኖረው ቤድ ስፔስ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ በአልጋ ላይ ተደርድሮ፣ የኔው የላይኛው ነው። ለመውጣት ብረቱን በሁለት እጅ መሳብ አለብኝ። አከራዩን ለመንኩት።

“የታችኛውን አልጋ ስጠኝ፣ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ።”

“የታችኛው ሰው አለበት።”

“ለትንሽ ጊዜ እንቀያየር፣ እሷም እሺ ብላለች።”

“እህቴ፣ እዚህ ቤት ያከራየሁት ለጤነኛ ሰው ነው። የታመመ ሰው ሆስፒታል ነው የሚተኛው” አለኝ፤ ደግሞ ትህትናው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አገር ቤት ብታገኙት ሰፈሩ በሙሉ ይመክርበታል። እዛ ግን ደግ ከሚባሉት ነው።

ማናጀሬ ፈቃድ ሰጠችኝ፣ ፈሳሹን እንዲያወጣ ስፌቱ ላይ የገባው ቱቦ ወጣ፣ ሐኪሙም መብረር ትችያለሽ አለኝና ጀሞ መጣሁ።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። ለእናቴ አልዋሸሁም። በመጣሁ በማግስቱ፣ ቁርስ ላይ፣ ቁጭ ብዬ ነገርኳት።

“እማዬ፣ የተሠራሁት ጡቴን ነው። ድሮ ያስገባሁት ነገር ተበላሽቶ ተቀየረ።”

“ምን አስገባሽ?”

“ሲሊኮን። እንደ ፕላስቲክ ከረጢት በይው።”

“ጡት ውስጥ?”

“ጡት ውስጥ።”

“ታመሽ ነበር?”

“አይ፣ ደህና ነበርኩ። እንዲያምርብኝ ብዬ ነው።”

እማዬ ሻዬን ሞላችልኝ። ከዛ “እሺ ልጄ” አለች። ይቺን እሺ ታውቋታላችሁ። የወረዳ ሰው ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ ሲል የምንላት እሺ ናት። እኔ ግን የዛን ዕለት ተነፈስኩ፤ ነገርኩ፣ ገላገለኝ አልኩ።

ከዛ ቀን ጀምሮ የተያዝኩትን አያያዝ እንዴት ብዬ ላውራችሁ። ጠዋት ጠዋት ገንፎ፣ መሃሉ ላይ ቅቤው ሲንተከተክ። ከሰዓት አጥሚት። መስኮት አይከፈትም። እማዬ ሱቅ ስትወርድ እንኳን ሰው ሳታስቀምጥብኝ አትወጣም፤ ብቻዬን አልቀርም። በስድስት ሰዓት በረንዳ ላይ መቆም ክልክል ነው። አንድ ቀን አንሶላ ሳስተካክል ትራሴ ሥር ቢላ አገኘሁ።

“እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ተይው። ብረት ደግ ነው።”

ሳቅኩ፤ ስስቅ ስፌቱን ሳበኝ። ዱባይ አብራኝ አንድ ክፍል የምታድር ልጅ ስሜን ሳትጠይቀኝ ዓመት ልትቆይ ትችላለች። እዚህ ደግሞ ያለሁበት ብሎክ በሙሉ ስንት ጊዜ እንዳስነጠስኩ ያውቃል። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ የጎረቤት ልጆች ሳንጠይቃቸው የኛን ጀሪካን ሞልተው በር ላይ ያስቀምጣሉ። አልዋሻችሁም፣ ከዚህ ወዲያ የት ልሂድ አልኩ።

ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ዘነበች፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ከእማዬ ጋር ስንት ዘመን የተኳረፉት፣ አንድ ከሰዓት ሰሃን በጨርቅ ሸፍነው ገቡ። ጎንበስ ብለው ሳሙኝና፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አሉኝ።

ይሄ ለወለደች ሴት የሚባል ነው። ለታመመ ሰው እግዜር ይማርሽ ነው የሚባለው፤ ይህን ሕፃን ልጅም አይስተውም።

“እትዬ ዘነበች፣ እኔ እኮ አልወለድኩም።”

“አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አውቃለሁ” አሉ፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ። “ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው። ሌላውን እሱ ያውቃል።”

እማዬ ከጓዳ “ተያት እንጂ ዘነበች፣ ልጅቷ ታማ ነው!” ብላ ተቆጣች። ደስ አለኝ። ቢያንስ እናቴ ገብቷታል፣ የቀረው ሰው የፈለገውን ያውራ አልኩ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቢላው አንድ ላይ ምን እንደሚመስል ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። ግን እናታችሁ ስትንከባከባችሁ ማን ይመረምራል?

አንድ ጠዋት ስነሳ ቀኙ ሞቆኛል። ገንፎው ነው፣ ብርድ ልብሱ ነው አልኩ። በእጄ ጀርባ ግራውን ነካሁ፣ ቀኙን ነካሁ፣ ደግሜ ግራውን ነካሁ። የሞቀው ቀኙ ብቻ ነው። የሐኪሙ ድምፅ መጣብኝ። ዱባይ ሩቅ ነው፣ ሳልውል ሳላድር የምደርሰው ጎፋ ያለ ክሊኒክ ነው፤ እማዬ ታክሲ ኮንትራት ይዛ ወሰደችኝ። መንገዱ በዝናብ ተቦርቡሮ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ደረቴን በሁለት እጄ አቅፌ እይዘዋለሁ።

ሐኪሙ ለጋ ነው፣ ቀና ብሎም አላየኝም።

“ምንሽን ነው?”

“ጡቴን፣ ቀኙን። ሞቆኛል።”

“እያጠባሽ ነው?”

“አይደለም።”

“መቼ አቆምሽ?”

“አልጀመርኩም።”

ቀና አለና አየኝ፣ ከዛ እማዬን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ይቅርታ። ልጁስ?”

ይሄኔ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነስታ ወጣች። በሩ ሲዘጋ “ዶክተር፣ ልጅ የለም፣ ሲሊኮን ነው” አልኩት። ፋሻውን ከፍቶ ስፌቱን ሲያይ እስከ ጆሮው ቀላ። ኢንፌክሽን የጀመረ ይመስላል፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ልስጥሽ፣ የሠራሽ ሐኪም ግን ሳይውል ሳያድር ይየው አለኝ። ስወጣ እማዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ናት፣ ዓይኗ ደም መስሏል። “ደንግጬ ነው” አለችኝ። እኔም አመንኳት። ኧረ እንዴት አላምናት?

መድኃኒቱ ሙቀቱን አበረደው። አጠፋው ግን አልልም። ማታ ማታ ይመለስና ጠዋት ይሄዳል። በመሃል ማናጀሬ በድምፅ ላከችልኝ፣ በዛች ማር በምትመስል ድምጿ፣ “ቲጂ ሐቢብቲ፣ ወንበርሽ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ጎበዝ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። ቅዳሜ ካልገባሽ እሷን ማስነሳት ያሳዝነኛል።” ሥራው ሲሄድ ቪዛው አብሮ ነው የሚሄደው፣ ስደተኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሐኪሜም ያለው እዛው ነው። ያን የዝናብ ምሽት የወጣሁት ለዚህ ነው።

ኤርፖርት ፈታሿ ሴት ደረቴ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የኦፕራሲዮን ጡት መያዣ።”

“ምን ይዘሽበታል?”

“ጡት።”

ሳቋን ዋጠችው። መጋረጃ ጀርባ ወስዳ፣ የሐኪም ወረቀቴን አይታ፣ “ያለሽ አንሶሽ ነው? እኛም ባለን እየኖርን ነው” እያለች በእጇ ጀርባ ቀስ ብላ ዳሰሰችኝ። ግራውን አለፈች። ቀኙ ላይ እጇ ቆመ።

“ይሄኛው ትኩስ ነው” አለችኝ። ጨዋታው ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። “ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

“እግዜር ይማርሽ” ብላ መጋረጃውን ከፈተችልኝ።

ዱባይ ሙቀቱ እንደተከፈተ የዳቦ ቤት ምድጃ ነው የተቀበለኝ። ከጀሞ ብርድ መጥቼ የማልበው ከውጪ ይሁን ከውስጥ መለየት አቃተኝ። ሐኪሙ ጋ ስደውል ቀጠሮው ለሳምንቱ ነው ተባልኩ። ሻንጣዬን ስፈታ በበርበሬውና በበሶው መሃል ትልቅ ፌስታል ሙሉ የአብሽ ዱቄት አገኘሁ። አብሽ እንደማልወድ እማዬ ታውቃለች። ጠረኑ ልብሴ ላይ ሁሉ ሰፍሮ ነበር።

ቅዳሜ ገባሁ። ማናጀሬን “ለጊዜው ፀጉር ማጠብ ብቻ ልሥራ፣ እጄን ከፍ ማድረግ አልተፈቀደልኝም” አልኳት።

“በእርግጥ ሐቢብቲ፣ ጤናሽ ይቀድማል” አለች። ትንሽ ቆይታ ማድረቂያውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። “ይቺን ብቻ።”

ይቺን ብቻ እያልን ሙሉ ቀን ሄደ። ፀጉር ለማድረቅ እጅ ከትከሻ በላይ ነው የሚውለው፤ ሌላ አሠራር የለውም። አንዷ ደንበኛ በመስታወቱ አይታኝ “ምነው ወዛሽ ጠፋ?” አለችኝ። ፈገግ አልኩ። በየመሃሉ መፀዳጃ ቤት እየገባሁ በእጄ ጀርባ ግራና ቀኙን አመዛዝናለሁ። በየቀኑ ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ። ከዛ ቀላ። ከዛ ጡት መያዣው በቀኝ በኩል አልዘጋ አለኝ።

ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ሄድኩ። ሐኪሙ አንዴ አየና ጓንቱን አወለቀ። “ነገ ጠዋት ትገቢያለሽ። ይወጣል። ለረጅም ጊዜም ባዶውን ነው የሚቆየው፤ ሌላ እንዳታስቢ።” ለማናጀሬ ስነግራት አቀፈችኝ፣ በግራ በኩል፣ ተጠንቅቃ። “ስትወጪ ሳጥንሽን ባዶ አድርገሽ ቁልፉን ተዪልኝ” አለችኝ። በቃ፣ ሥራዬ በዚህ አለቀ።

ፈራሁ። ኦፕራሲዮኑን ሳይሆን ከዛ በኋላ ያለውን፣ የላይኛውን አልጋ፣ ያንን አከራይ። የምሄድበት አንድ ቤት ብቻ ነው። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ ካርቶን ከሚጣልበት ጥላ ሥር ቆሜ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ልመጣ ነው።”

በጣም ቀስ ብላ፣ “ይዘሽው?” አለች።

“ምኑን?”

“ቲጂዬ፣ አልቆጣሽም። አባቱን አልጠይቅሽም። ዓረብም ይሁን፣ የፈለገው ይሁን። ከዘነበች ጋር ተነጋግረናል፣ ቃል አይወጣትም። አልጋዬን ከመስኮቱ አርቄዋለሁ፣ ብርድ እንዳይመታው። አብሹን ጠጣሽው? ወተትሽ እንዳይደርቅ ብዬ ነው።”

“እማዬ፣ ነግሬሽ አልነበር? ቁጭ ብዬ ነግሬሻለሁ።”

“ነግረሽኛል” አለች። “ልጄ፣ ሰው ደህና ጡቱን አያስቀድድም። ለሰው እንዲህ በያቸው፣ እኔ ግን እናትሽ ነኝ። ለማን ትተሽው እንደመጣሽ አላውቅ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ያን ቀን ቶሎ ድረሺ ያልኩሽ ለሱ ነው።”

ነገ ጠዋት ይወጣል ልላት ነበር የደወልኩት። ነገ የሚወጣው ነገር ከረጢት ነው፣ እማዬ፣ ልጅ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ግን ድምጿ ውስጥ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ደስታ አለ። ያን በየትኛው አፌ ልገድለው?

“አጠገብሽ ነው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኩ። ከየት እንደወጣኝ አላውቅም።

“እስቲ ስልኩን አስጠጊለት፣ ልመርቀው።”

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ። ቀኝ ደረቴ ላይ፣ የሚያቃጥለው ላይ አደረግኩት። ድምጿ በልብሴ ላይ ይሰማኛል፣ ቀጭን ነው፣ ግን ቃሉ ይለያል።

“እደግ” ትላለች እማዬ። “እደግልኝ። እደግ።”