እትዬ ብርቄ በገዛ ግቢያቸው በባዶ እግራቸው ገቡ

ዛሬ ሲኤምሲ አንዲት ትልቅ ሴት የገዛ ግቢያቸው በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ገቡ። ግቢውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ሁሉም ሶፋ ትገዛለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እኔ ግን ውሃ በግፊት የሚረጭ የእጥበት ማሽን ገዛሁ። የዕቁብ ጓደኞቼ «ግቢ ለማጠብ መጥረጊያ አይበቃም እንዴ? ማን ይጠራኛል ብለሽ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

የጠሩኝ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ የመጀመሪያ ደንበኛዬ። ነገ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ ይመጣል፤ ግቢው ደግሞ ጠቁሯል።

ማሽኑን ሳወርድ ፊታቸው ጭፍግግ አለ። «ውይ ልጄ፣ ዛሬ እኮ የውሃ ተራችን አይደለም። ሳልነግርሽ አለፋሁሽ።»

እኔ የዚህ ከተማ ሰው አይደለሁ እንዴ? አንድ ሮቶ ሙሉ ውሃ በፒካፕ ጭኜ ነው የመጣሁት። (ባለቤቴ «ውሃ ተሸክሞ ለሥራ የሚወጣ አንቺን አየሁ» ብሎኝ ነበር።)

ገና የበሩን ጥግ ስረጨው ከጥቁሩ ስር ቀይ ንጣፍ ብቅ አለ። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ቀይ ነበር እንዴ? እኔ ግራጫ ነው የማውቀው። ሽማግሌዎቹ ቤት ተሳሳትን ብለው እንዳይመለሱብኝ» አሉ።

ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ ሱቅ ሄደው የነበሩት እትዬ ብርቄ ተመለሱ። ጫማቸውን ያወለቁት ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ግቢ እኮ ነው፤ ይርገጡት» ብላቸው፣ «ሽማግሌ ሳያየው በጫማ የሚረግጠው የለም» አሉኝ።

ሶፋው ይቆየኝ። እናንተስ ሰው እየሳቀባችሁ የጀመራችሁት ሥራ አለ? የመጀመሪያ ደንበኛችሁ ምን አላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።