በጉማሬዎቹ ሆድ ላይ የወጣው መስቀል

ሥራ የገባሁ ዕለት የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። እትዬ ዘነበች እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ካለው ሱቃቸው ጓሮ፣ የጥንት ግብፆችን ጌጥና ክታብ አስመስለው የሚሠሩባት ክፍል ነበረቻቸው። የተፈጨ ነጭ አሸዋ፣ ሶዳና የመዳብ ዱቄት በትንሽ ውኃ ይቦካል፤ በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ተጭኖ ይደርቃል። ሲደርቅ ጨው ፊቱ ላይ ይወጣል። እቶን ሲገባ ያ ጨው ቀልጦ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ይሆናል።

«ከደረቀ በኋላ ተች አታድርጊው፤ በጣትሽ እንዳትነኪው» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል፤ መስማት ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ለአንድ ሙዚየም ሱቅ አርባ ክታብ ነበር። በሁለት እግሯ የቆመች፣ ጥርሷ የገጠጠ፣ ሆዷ የገፋ ጉማሬ። ጣዖት መሆኗ ገብቶኛል። ለራሴ አልፈራሁም። ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዶኝ ስለነበር ለልጄ ፈራሁ።

እትዬ ለምሳ ሲወጡ፣ ትሪው ላይ የደረቁትን ጉማሬዎች ሆዳቸው ላይ አንድ በአንድ በጣቴ አማተብኩባቸው። ቀስ ብዬ ነው፤ ማን ያያል?

በማግስቱ እቶኑ ሲከፈት አርባዎቹም ሰማያዊ ሆነዋል። አርባዎቹም ሆዳቸው ላይ፣ ጣቴ ጨዉን በጠረገበት፣ ነጭ መስቀል አለ።

እትዬ አንዷን አንስተው ብዙ አዩዋት። ማስረከቢያው በነጋታው ነው። መባረሬ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ቁጭ በይ። ማንን ፈርተሽ ነው?»

«እሷን ነዋ እትዬ። ልጄን እንዳትነካብኝ።»

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ስሚኝ፣ ይቺን እኮ የሚያስሯት እርጉዞች ነበሩ። ጽንሱ እንዳይወርድ፣ በሰላም እንዲገላገሉ። ሆዷን አታዪም? ሶ፣ ሚስቴኩ የኔ ነው። ሳልነግርሽ አሠራሁሽ።»

አለቀስኩ። ከሺህ ዓመታት በፊት እንደኔ የፈራች ሴት መኖሯን አስቤው አላውቅም። አሳዘነችኝ፤ ወደድኳትም።

እትዬ ክታቡን ያዘዘችው የሙዚየሙ ሱቅ ኃላፊ ጋ ደውለው ጥፋቱን በራሳቸው አድርገው የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመኑ። ተናዳ ነበር፤ ግን ሰጠችን። ሌላ አርባ ሠራን፣ እሳቸው እያቦኩ እኔ እየጫንኩ። የመጀመሪያዎቹን ግን መስቀል ስላለባቸው መጣል ለሁለታችንም አልሆነልንም። ዛሬም ካርቶን ውስጥ አሉ።

ልጄ በወሯ ተወለደች።

አሁን እቶኑን የምይዘው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ፣ ስለ ሥራው ከመናገሬ በፊት የሚያስፈራው ነገር ካለ እጠይቀዋለሁ።