ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የወረደው ወንበር

ጨንቻ፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ

ጉሙ ከደጃፋችን አልተነሳም። ከአጥሩ ማዶ ያለው እንሰት እንኳ ገና አይታይም። እኔ በአንድ እጄ ፔርሙስ፣ በሌላው ትንሽ የውኃ ጀሪካን ይዣለሁ። ልጄ ትዕግሥት የቀርከሃ ወንበር ተሸክማለች። ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ማበጠሪያ፣ ቢጎዲን፣ የፀጉር ቅባት፣ የጥፍር ቀለምና ማስለቀቂያው፣ እንዲሁም መስተዋት አለ። መስተዋቱን በፎጣ ጠቅልዬው ነበር። ከዚያ አላስችል አለኝና ፈትቼ በሁለት ፎጣ ጠቀለልኩት።

«እማዬ፣ ዘመቻ አይደለም የምንሄደው። ውኃ ለምን ተሸከምሽ?»

«ከሌለስ?»

«አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ ውኃ ይጠፋል?»

«ሩቅ ከሆነስ?»

ሳቀችና ወንበሯን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዕግሥት አዲስ አበባ የፀጉር ሥራ ተምራ እዚያው አንድ ፀጉር ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆየች። አንድ ቀን ዘመድ ለመሸኘት ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ፣ መንገደኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አየች። እሱን ካየች ወዲህ ሐሳቡ ከጭንቅላቷ አልወጣም። ሰው ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅ ጥፍሩን ቢቀባ፣ ፀጉሩን ቢያስተካክል ምን አለበት? እንዲያ ከሆነ የአርባ ምንጩ ማረፊያ ላይም ይሠራል፤ ተወዳዳሪም የለም አለች። ለእረፍት ስትመጣ የማረፊያውን ኃላፊ ለመነችና የአንድ ቀን ሙከራ ፈቀዱላት። ያ ቀን ዛሬ ነው። የአዲስ አበባዋ አሠሪዋ ደግሞ እስከ ሰኞ ካልተመለስሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላታለች። ዛሬ ከተሳካላት አርባ ምንጭ ትቀራለች። ካልተሳካላት በነገው አውቶቡስ ትሄዳለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሌሊቱን ስጸልይ እንዲሳካላት የለመንኩት ለእሷ ይሁን ለራሴ ለይቼ አላውቅም።

ዶርዜ፣ ቁልቁለቱ ላይ

የተሳፈርነው ጎመንና ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ ነው። ሾፌሩ ማርቆስ የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ጋቢና ውስጥ አስገባን።

«እትዬ፣ ወንበሩን ከጎመኑ ላይ ልጫነው።»

«አይሆንም፣ ይሰበራል። እኔ እይዘዋለሁ።»

በጉልበቶቼ መካከል አቆምኩት። ማርቆስ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ወንበር ላይ ተቀምጦ ወንበር የሚያቅፍ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

ዶርዜን እንዳለፍን ጉሙ ተቀደደ። ከታች ሁለቱ ሐይቆች ወጡ፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መካከላቸው ጫካ የለበሰው ኮረብታ። ስንት ጊዜ ባየውም አፌን ያስከፍተኛል። ዛሬ ግን ብዙም አላየሁትም። መንገዱ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ማርቆስ የምንሄድበትን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ልቡ ይመታል። ጥፍሩን ማን ያስታውሳል? እኔ ብሆን ጸሎት ነው የማደርገው።»

«አንተ ጸሎት አድርግ፣ እኔ እቀባሃለሁ» አለች ትዕግሥት።

«ቀይ እንዳይሆን ብቻ!»

እስከ ሜዳው ድረስ ሳቅን። እኔም ዓይኔን ገልጬ ሳቅሁ።

ላንቴ፣ ሙዙ ጥላ ሥር

ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ደጋ ላይ የደረብኩትን ጋቢ አውልቄ አጣጠፍኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠሎቹ በንፋስ ተቀዳደው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆነዋል። ማርቆስ የራዲያተሩን ውኃ እስኪሞላ ከአንዲት ሴት ሙዝ ገዛሁ። ሴትየዋ ወንበሩን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«በአውሮፕላን የሚሄዱት ሰዎች እዚህ በመኪና ሲያልፉ አያቸዋለሁ» አለች። «ሁልጊዜ ያማሩ ናቸው። እንግዲህ ያማረውን ልታሳምሩት ነው?»

ትዕግሥት ሙዟን መላጥ አቆመች። ከዚያ ቀጠለች።

አውሮፕላን ማረፊያው፣ ረፋዱ ላይ

ማርቆስ በር ላይ አውርዶን ጭነቱን ይዞ ወደ ከተማው ገበያ፣ ወደ ሲቀላ፣ አለፈ። ማረፊያው አንድ ዝቅ ያለ ሕንፃ፣ የሽቦ አጥርና ረጅም ሜዳ ነው። ንፋሱን የሚያሳየው ከረጢት ተንጠልጥሎ ተኝቷል። ጥበቃው ጋሽ ዘነበ ከመጠበቂያው ክፍል ጥግ መስኮቱ አጠገብ ቦታ አሳዩን። ቧንቧው የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከሕንፃው ጀርባ ራቅ ብሎ ነው አሉኝ። ጀሪካኔን ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩ። «ያልኩሽ ይኸው ነው» ግን አላልኳትም።

መስተዋቱ ተሰቀለ። የጥፍር ቀለሞቹ መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። መንገደኞች መምጣት ጀመሩ። ሙዝ ሻጯ እውነቷን ነበር። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ያብለጨልጫል፤ ጢማቸው ገና ተላጭቷል። ሴቶቹ ተሠርተው፣ በሻሽ ሸፍነው ነው የመጡት። አንድን መንገደኛ የሚሸኘው ሰው ደግሞ መኪና ሙሉ ነው።

ትዕግሥት ወደ አንዲት ደልደል ያሉ እመቤት ቀረበች። «እናቴ፣ አውሮፕላኑ እስኪመጣ ፀጉርዎን ላስተካክልልዎት?»

ሴትየዋ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንዳትነኪኝ ልጄ! ትናንት ሲቀላ ተሠርቼ፣ እንዳይበላሽብኝ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ሰው ሳይሠራ አውሮፕላን ላይ ይወጣል እንዴ?»

ሸኚዎቻቸው በሳቅ ወደቁ። ትዕግሥትም አብራ ሳቀች፤ ግን ጆሮዋ ቀላ። ሕፃን ሆና ሲከፋት መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮዋ ነበር።

ሌላዋን ጠየቀች፤ ሌላዋም ትናንት ተሠርታለች። አንድ ሰውዬ ለጥፍሬ ስንት ነው ብሎ ቀለደና ሄደ። ወንበሩ ባዶውን ቆመ። እኔ ሙዝ ልጬ ብሰጣት አልበላም አለች።

«እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ በኋላ። «ባዶ ወንበር ሰው ያባርራል።»

«እኔን? በሕዝብ ፊት?»

«ማሳያ ሁኚልኝ።»

ተቀመጥኩ። ሻሼን ፈታች። ሽበቴን ሳየው ከመስተዋቱ ላይ ዓይኔን አነሳሁ። ልጄ ራሴን ስትነካ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስካሁን እኔ ነበርኩ የእሷን የምሠራው። ጣቶቿ ይፈጥናሉ፣ ግን አይቆነጥጡም። ለመንገደኞቹ በተናገረችበት ድምፅ አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ «ፀጉርሽ መሳሳቱን ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ግማሹን እንደጨረሰች አንዲት ፈረንጅ አጠገባችን ቆመች። በጂንካ በኩል የመጣች ትመስላለች፤ አንገቷ በፀሐይ ተልጧል፣ ፀጉሯ አቧራ ጠጥቷል። ወደ ራሴ፣ ከዚያ ወደ ራሷ ጠቆመች። እኔ ሳልጠየቅ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ግማሽ ሹሩባዬን በነጠላ ሸፈንኩ። ደንበኛ ተገኘ!

ፀጉሯ እንደ ሐር እየተንሸራተተ ትዕግሥትን አስቸገራት። ሹሩባ ደግሞ የጥድፊያ ሥራ አይደለም። ግራው ጎን እንዳለቀ ከሰማዩ ድምፅ መጣ፤ ጋሽ ዘነበም «መንገደኞች!» ብለው ተጣሩ። ፈረንጅዋ ዘላ ተነሳች። መስተዋቱን አየች፤ ግማሽ ራሷ ሹሩባ፣ ግማሹ እንደነበረ። በሳቅ ፈነዳች፤ ትዕግሥትን አቅፋ፣ ብር አስጨብጣት ሮጠች።

«አውሮፕላኑ በግራ እንዳያጋድል!» አለ አንድ ሸኚ።

መንገደኛው እየሳቀ ወጣ። ትዕግሥት ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች። «ነገ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ ቀና ሳትል። እኔም መስተዋቱን ለመጠቅለል ፎጣዎቹን አነሳሁ።

አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ

የመጡት መንገደኞች እያለፉን ወጡ። አንዲት ወጣት ግን በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ በነጠላ ተሸፍናለች። በሽቦው ማዶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ቀድሜ አይቻቸው ነበር። ልጅቷ እነሱን አየች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች። ወንበሩን አየችና ወደ እኛ መጣች።

«እህቴ፣» አለች ለትዕግሥት፣ «ፀጉር ትፈቻለሽ?»

ነጠላዋን ገለጠች። ፀጉሯ ተከምሮ ላዩ ላይ ነጫጭ አበባና የሚያብለጨልጭ ነገር ተሰክቶበታል። ጥፍሮቿ ደማቅ ቀይ ናቸው።

«ትናንት ለጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ። ዛሬ ሲነጋጋ እናቴ ማረፏን ነገሩኝ። ከዚያ በቀጥታ አውሮፕላን ላይ… እንዲህ ሆኜ እንዴት እገባለሁ?»

ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። በአገራችን ሐዘንተኛ ፀጉሩን ይፈታል። ተሠርታ የመጣች ልጅ ሰምታ እንዳልገደዳት ትቆጠራለች፤ ያ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ይወራባታል።

ትዕግሥት ወንበሩን ሳበችላት። አስቀመጠቻት። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን የፀጉር መያዣ ሽቦዎቹን መንቀል ጀመርን። ለሰርግ ሲሠራ አጥብቀው ነው የሚሰኩት። አበባዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ነጠላዬ ላይ አኖርኩ፤ ወለል ላይ መጣል ነውር መሰለኝ።

«እናቴ ነበረች የምትፈታልኝ» አለች ልጅቷ። «እሷ ስትፈታልኝ አያመኝም ነበር።»

እጄን አላላሁ። ከዚያም ይበልጥ አላላሁ።

ትዕግሥት ተንበርክካ የልጅቷን የጥፍር ቀለም አስለቀቀች። እኔ የፔርሙሱን ሙቅ ውኃ ከጀሪካኑ ጋር ቀላቅዬ ፎጣ ነከርኩ፤ ፊቷን፣ ቅንድቧ ላይ የቀረውን ቀለም፣ አንገቷን አበስኩላት። ፊቷን ቀና አድርጋ ሰጠችኝ፤ ልክ ትዕግሥት ትንሽ ሳለች እሁድ ጠዋት ሳጥባት ታደርግ እንደነበረው። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ሲወርድ መስተዋት አልፈለገችም። ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል ትዕግሥት እጇን ያዘቻትና መልሳ ዘጋችው።

ወጣች። ወዲያው ከሽቦው ማዶ ለቅሶው ተነሳ። ትዕግሥት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች፤ ከዚያ መጥታ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣለች። አቀፍኳት።

ጋሽ ዘነበ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። «እንግዲህ ለዚህ ቦታ የሚሆን ሥራ ይኸው ነው» አሉ። «ግን ማን ነው እንዲህ ያለ ደንበኛ አምጣልኝ ብሎ የሚጸልይ?»

ዕቃችንን ሸከፍን። ወንበሩን ላነሳ ስል ትዕግሥት ያዘችኝ።

«ጋሽ ዘነበ፣ እዚህ ይቆይ። ይህን ማበጠሪያና ማስለቀቂያም ከርስዎ ዘንድ ያኑሩልኝ። እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ካለ ያስቀምጡበት። ቅርብ ከሆንኩ ይላኩብኝ።»

«ቅርብ ከሆንኩ» ያለችውን ሰማሁ። አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

ሲቀላ፣ ከሰዓት በኋላ

ሸኚዎቹ በመኪናቸው ሲቀላ አደረሱን። ገበያው ይጮኻል፤ ማንጎ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የደጋ ጎመን፣ የሬዲዮ ካሴት። እኔ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አቅጣጫ ስዞር ትዕግሥት ወደ ሌላው ዞረች። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጥበት ቢሮ ፊት ለፊት ወስዳ አቆመችኝ።

«እማዬ፣ ሴትየዋ ያሉትን ሰማሽ? ትናንት ተሠርቼ ነው አሉ። ሁሉም ትናንት ነው የተሠራው። ለመብረር የሚሠራ ሰው ቀድሞ ነው የሚሠራው። እኔ ማረፊያው ላይ ምን እሠራለሁ? መቀመጥ ያለብኝ ሰው ትኬት ቆርጦ በሚወጣበት በር ላይ ነው።»

ከቢሮው ወረድ ብሎ ልብስ ሰፊ የለቀቀው አንድ ክፍል አለ። የክፍሉ ባለቤት ከፍታ አሳየችን፤ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በሩ በደንብ አይዘጋም። እኔ ግድግዳውን ዳሰስኩ፣ መስኮቱን ወዘወዝኩ፣ ማታ ማታ እዚህ ሠፈር ምን ዓይነት ሰው እንደሚያልፍ ጠየቅኩ። ባለቤቷ፣ «እናትዮዋ ናት የምትከራየው ወይስ ልጅቷ?» ብላ ሳቀች።

ትዕግሥት መስተዋቱን ከሁለቱ ፎጣዎች ፈትታ ልብስ ሰፊው ትቶት በሄደው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከባለቤቷ በርጩማ ለመነችና አስቀመጠችኝ። የቀረውን ግማሽ ራሴን እዚያው ጨረሰችው። አንዲት ልጅ ትኬቷን በእጇ ይዛ ስታልፍ ቆማ አየችን።

«መሥራት ጀመራችሁ?» አለች።

«ከሰኞ ጀምሮ» አለች ትዕግሥት።

ጨንቻ፣ አመሻሹ ላይ

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የውበት ሥራ ያዋጣል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚህ እኛ ዘንድ፣ አውሮፕላን አልፎ አልፎ በሚያርፍበት፣ ሰውም ለመሳፈር እንደ በዓል በሚዘጋጅበት ቦታ፣ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። የተዘጋጀው ሰው አይፈልገውም፤ ያልተዘጋጀው ጊዜ የለውም። በጣም የሚፈልገው ደግሞ ዋጋ የማይጠየቀው ሰው ነው። ትልቁ ከተማ ላይ ምናልባት ሌላ ይሆናል፤ እሱን አላውቅም።

ትዕግሥት ክፍሉን ልታጸዳ ሲቀላ፣ አክስቷ ቤት ቀረች። በማርቆስ መኪና ብቻዬን ወጣሁ። ጠዋት በጉልበቶቼ መካከል የነበረው ወንበር የለም፤ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። በሩ በደንብ አለመዘጋቱን እያሰብኩ መጣሁ። በሚቀጥለው ስወርድ መቀርቀሪያ ይዤ እሄዳለሁ።

ጉሙ እንደገና ወርዷል። ጎረቤቴ እማማ ዳሜ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሻሽ ያልሸፈነውን ራሴን አዩና አፋቸውን ያዙ።

«ምነው አንቺ፣ እንዲህ ተሠርተሽ! በአውሮፕላን ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«አይደለም እማማ፣» አልኳቸው፣ «ትዕግሥት ልትቀር ነው።»