አያ እንየው የተንበረከኩበት ጠዋት

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከእንጅባራ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ፣ ዲከረንስ በሚባለው የከሰል ዛፍ ደን ውስጥ፣ በእጄ የጠገንኩት ምንሽር ሳይተኩስ ቀረ። አያ እንየው ከፊቴ አምስት እርምጃ ላይ ተንበርክከው ነበር። በእሳቸውና በከርከሮው መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም።

ሰዓቱን የማውቀው ከማነጣጠሬ በፊት ስላየሁት ነው። ዜና ስሠራ የያዘኝ ልማድ ነው። እናንተ ወጣቶች የአያቶቻችሁን ጠመንጃ በጆንያ ጠቅልላችሁ እየመጣችሁ «ጋሼ፣ ይቺን እንዴት እናድናት?» ስትሉኝ፣ ስለ ዝገትና ስለ ሰደፍ ከማውራቴ በፊት ይህን ጠዋት እነግራችኋለሁ።

ምንሽሩ የአባቴ ነው። ዳንግላ ካለው ቤታችን ቆጥ ላይ ሳወርደው ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ ብረቱ ዝጓል፣ የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ ጫፉ ተሰብሯል። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ላምባ በነካ ጨርቅ ዝገት እፍቃለሁ። ሰደፉን ከዋንዛ አስጠርቤ በጠርሙስ ስባሪ አለሰለስኩት። መርፌውን አንድ የቶርኖ ባለሙያ ቀረጸልኝ። የፈታሁትንም የገጠምኩትንም በደብተር ጻፍኩ።

ባለሙያው መርፌውን ሲያስረክበኝ «ጋሼ፣ ውስጡ ደረቅ ይሁን። ዘይት ካማረዎት በላባ ጫፍ ይንኩት» አለኝ።

ኅዳር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ገደል ሥር ሦስት ጥይት ሞከርኩ። ሦስቱም ተተኮሱ። ደብተሩ ላይ «ተፈተነ፤ ይሠራል» ብዬ ጽፌ አሰመርኩበት። ቤት ስደርስ እንዳይዝግብኝ ውስጡን ኑግ ዘይት አጠጣሁት። አባቴ ሰደፉንና ማንገቻውን በኑግ ዘይት ይወለውል ነበር፤ ለእንጨትና ለቆዳ የበጀ ለመርፌም ይበጃል አልኩ። በላባ አልነካሁም፤ አፈሰስኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተኮስኩበትም።

ጥር ላይ የአባቴ ወዳጅ አያ እንየው ደወሉልኝ። «ስማኝ እንጂ፣ ያ የአባትህ ብረት ድኗል አሉ። ከርከሮ የመስኖ ድንቼን እየገለበጠው ነው። ና!» ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። የመሣሪያው ፈቃድና ቀበሌው ለከርከሮ የጻፈው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

እራት ላይ የነበርነው አራት ነን፤ አያ እንየው፣ ባለቤታቸው እትዬ ትሁኔ፣ ከሰል አክሳዩ አማቻቸው ደሴ፣ እና እኔ። ደሴ ጠመንጃውን አገላብጦ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከሙሽራ በላይ ተወልውሏል። ይተኩሳል ወይስ ፎቶ ይነሣል?»

«ተፈትኗል» አልኩት።

እትዬ ትሁኔ ለባላቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙልኝ፦ «ድንቹን ከጨረሰ የሚቀረው እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ አይችለኝም፣ አልኳቸው።» የገለበጠው ድንች ግን የዓመቱ ዘር ጭምር ነበር። እሱ ካለቀ ለሚቀጥለው የሚተከል የላቸውም።

አያ እንየው ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብለው ወጡ። በእሳቸው ቤት ብረት እሳት ካለበት ክፍል አያድርም። ከፈረሳቸው ጋጣ፣ ኮርቻው አጠገብ ሰቀሉት። የጋጣው ግድግዳ ያልተመረገ ቀርከሃ ነው፤ ነፋስ እንደልቡ ያልፍበታል።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ነበር። ስንራመድ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ምንሽሩን ስይዘው ብረቱ መዳፌን ያዘኝ። ማሳው ዳር አያ እንየው ጎንበስ ብለው ኮቴ አሳዩኝ፤ ሁለት ጣት ከፊት፣ ሁለት ነጥብ ከኋላ፣ በጥልቀት የገባ። «ዙሪያው ውርጭ ነው፤ ውስጡ ግን የለበትም» አሉ። «ውርጩ ከወረደ በኋላ ነው የረገጠው። እዚሁ ነው ያለው።»

ዱካው ወደ ዲከረንሱ ገባ። ለከሰል ተብሎ የተተከለ ስለሆነ ግንዶቹ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ናቸው፤ መስመር መስመር ሆነው ይሄዳሉ። በአንዱ መስመር ውስጥ ቆሞ ሌላው ውስጥ ያለውን ማየት አይቻልም። ፀሐይ ወጥታ እንኳ ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ደሴ ባዶ ጀሪካን ይዞ በወዲያ በኩል ዞረ፤ እየደበደበ ወደ እኛ ሊነዳው። አያ እንየው ጦራቸውን ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«ሕጉ አንድ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቆሜ ካለሁ እንዳትተኩስ። ስንበረከክ በራሴ ላይ አሳልፈህ ተኩስ። እኔ አልነሣም።»

«እሺ አያ።»

«ፈርተሃል።»

«ብርዱ ነው።»

«የኔም ብርዱ ነው» አሉና ፈገግ አሉ።

የጀሪካኑ ድምፅ ጀመረ። ሰዓቴን አየሁ። ደረቅ ቅጠል ሲሰበር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ በእኛው መስመር መጣ። ብቻውን ነበር፤ ጥቁር፣ አንገት የሌለው፣ ክራንቻው ነጭ። አያ እንየው ቀኝ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ተንበረከኩ። ጋቢያቸው ከአፈሙዜ በታች ሆነ። ግንባሩ ላይ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ።

ጠቅ የሚል ደካማ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

አያ እንየው አልተነሡም። ቃል አለባቸው። ቃታውን ስቤ ሌላ ጥይት አጎረስኩ፤ ብረቱ ጭቃ ውስጥ እንዳለ ነገር ቀስ ብሎ ሄደ። እንደገና ምላጩን ሳብኩ። እንደገና ጠቅ። «ተኩስ እንጂ!» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ያን ጊዜ ከርከሮው ደርሶባቸዋል። ጦሩ ትከሻውን ፋቀውና ተንሸራተተ። ጥሏቸው አለፈ፣ በእኔ ጎን እየጠረገ ሄደ፣ ሦስት ግንድ አልፎ ዞረ።

ሦስተኛ ጥይት ይዣለሁ፤ ግን ከርከሮው በጎኔ መልሶ ሲያልፍ እሱና አያ እንየው በአንድ መስመር ሆኑ። ቢተኩስ ማንን እንደሚያገኝ አላውቅም፤ መተኮሱንም አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከርከሮው ተመልሶ የታጠፈውን ቀኝ እግራቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ከታች ወደ ላይ ቀደደው። የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ነው የሰማሁት።

ደሴ ከየት እንደደረሰ አላየሁም። ጀሪካኑን በከርከሮው ፊት ወረወረና በመጥረቢያው ጀርባ ግንዶቹን እየመታ «አንተ! አንተ!» እያለ ገባበት። ከርከሮው ጀሪካኑን በክራንቻው በሳው፣ አራገፈው፣ ወደ ማሳው ወጥቶ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ፎቶ ነው እንዴ የሚያነሡት!» ብሎ ጮኸብኝ ደሴ። ያን ጊዜ ነው ጠመንጃው አሁንም ትከሻዬ ላይ መሆኑን ያወቅኩት። አፈሙዙን ወደ አፈር አድርጌ ጥይቱን አወጣሁና ጋቢዬን ቀድጄ ጉልበታቸውን አሰርኩ። በፈረሳቸው እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሱሪዬ እርጥብ መሆኑን ያወቅኩት ባጃጁ ውስጥ ነው። አያ እንየው ፊታቸው ነጥቷል፤ «ያባትህ ብረት» አሉ፣ «ያኮረፈው ባንተ ነው ወይስ በኔ?»

ሰኞ ጠመንጃውን በረንዳዬ ላይ ፈታሁት። ኑጉ ደርቆ የዛፍ ሙጫ መስሏል፤ መርፌው በውስጡ ተይዞ፣ በጣት ስገፋው እንኳ እያመነታ ነበር የሚሄደው። ጋጣ ውስጥ ያደረበት ውርጭ ይበልጥ አጠንክሮታል። ያልተኮሱት ሁለት ጥይቶች ቂጣቸው ላይ የመርፌው ምልክት አለ፤ ሽንብራ በጥፍር የተነካ ያህል ነው። ሁለቱንም በብልቃጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ያሰመርኩበት ገጽም አለ፤ ውሸት አልነበረም። የተፈተነው ግን ከዘይቱ በፊት የነበረው ጠመንጃ ነው፤ ወደ ዲከረንሱ ይዤ የገባሁት ሌላ ነበር።

ስለዚህ የነካችሁትን ነገር እንደገና ፈትኑ፤ በምትተኩሱበት ብርድ፣ በምትተኩሱበት ሰዓት። ሰው ከአፈሙዛችሁ በታች ከመንበርከኩ በፊት።

ከርከሮው ከዚያ ወዲያ በማሳው አልታየም። የዘር ድንቹ ግማሽ ተረፈ።

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ ሄጄ ነበር። እትዬ ትሁኔ ማሳው ዳር ድንጋይ አዘጋጁልን። አያ እንየው በአንድ እጃቸው ትከሻዬን ያዙ፣ በሌላው ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ የማይታጠፈውን ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ተቀመጡ።