ወደ ግራ ያዘመመ ስፌት

በኢራን አቆጣጠር መህር 9 ቀን 1396 ሩሐንጊዝ በሺራዝ እስር ቤት አረፈች። ቤቷ የቀረው የትራስ ልብስ ከዘጠኙ አበቦች ስድስቱ ብቻ ተጠልፈውበታል፤ መርፌው አልተነቀለም።

መጀመሪያ የታሰረችው በአገሩ የተከለከለው የባሃኢ እምነት ተከታይ በመሆኗ ነው፤ ሦስት ዓመት። መርማሪዋ ኢጅላሊ ባሃኢ ርኩስ ነው ብሎ እሷ የነካችውን ብርጭቆ አይነካም፤ የሰጠችውን ወረቀት እንኳ በመሐረብ ነበር የሚይዘው። ንስሐ ገብቻለሁ ብላ ብትፈርም በዚያው ቀን እናቷ ዘንድ እንደሚልካት ደጋግሞ ነግሯታል። አልፈረመችም። ዓመቶቹን በእስር ቤቱ የጥልፍ ክፍል የመስገጃ ጨርቅ እየጠለፈች ጨረሰች። ግራኝ ስለነበረች ስፌቷ ከሌሎቹ በተቃራኒ ወደ ግራ ያዘማል።

በተፈታች በዓመቱ የእስረኞች የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከእናቷ ጋር ሄደች። ጨርቆቿ ተሰቅለዋል፤ ከበታቻቸው የተለጠፈው ካርድ ግን «ንስሐ የገቡ እስረኞች ሥራ» ይላል። ያልፈረመችውን በካርድ ፈርመውላታል። ካርዱ እንዲነሳ የአዳራሹን ኃላፊ ብትጠይቀው፣ የማን ሥራ እንደሆነ ማን ያውቃል ብሎ ሳቀባት።

ኢጅላሊ እዚያው እንግዶች ያስጎበኛል። አንዱን ጨርቅ እየዳበሰ፣ አምና ከዚሁ ክፍል እንዲህ ያለ ተሰጥቶት ቤቱ እንደሚሰግድበት ሲያወራ ሰማችው። እናቷ እጅጌዋን ጎተተቻት።

«ተይው ልጄ፣ እንሂድ።»

አልሄደችም። «የጠለፍኩት እኔ ነኝ፣ አቶ ኢጅላሊ።»

«ውሸቷን ነው» አላቸው ለእንግዶቹ።

«መዋሸት ብችልማ ያኔ ፈርሜልህ ቤቴ እገባ ነበር። ገልብጠህ ስፌቱን እየው።»

ለማሳያ ከተዘጋጀው ጠረጴዛ መርፌና ቁራጭ ጨርቅ አንስታ በግራ እጇ አንድ ቅጠል ጠለፈች። አንዲት እንግዳ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን አስተያየችና የአንድ እጅ ሥራ ነው አለች። ኢጅላሊ ጨርቁን ለቆ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እጅህን ጠረግከው፤ ጉልበትህንስ?» አለችው። «ዓመት ሙሉ በእጄ ሥራ ላይ ስትንበረከክ ከርመሃል። እጄ ርኩስ ከሆነ ያንን ሁሉ ሶላት እንደገና ሰግደህ ቀዷ ማውጣት ሊኖርብህ ነው። ቶሎ ጀምር፣ ብዙ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። እሷ ካርዱን ነቅላ ጀርባው ላይ «ሩሐንጊዝ፤ ባሃኢ፤ ንስሐ ያልገባች» ብላ ጻፈችና መልሳ ለጠፈችው።

በአምስተኛው ቀን ወደ እስር ቤቱ ጠሯት፤ አልተመለሰችም። የልብ መድኃኒቷን እናቷ ሦስት ጊዜ ወስዳ ሦስቴም ከበር መልሰውባታል። ትእዛዙ የኢጅላሊ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔም እንደ እሷ ባሃኢ ነኝ፤ እምነታችን ይቅር በሉ ይላል፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩትም። ልጆቹ ማንበብ ሲችሉ እንዲያገኙት ስሙን ከነአባቱና ከነማዕረጉ መዝግቤዋለሁ።

ከመጠራቷ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት ጫማ ሰፊ ዘንድ የእናቷን ጫማ ወሰደች። ተረከዙ እስኪመታ ቆማ ጠበቀች፤ ይዛውም ቤቷ ገባች።