ዓሣውም ይምረጥ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያቴ መንጠቆ ላይ የአውራ ዶሮ ላባ በክር ያስሩ ነበር፤ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ዝንብ እንዲመስል። ቋጠሮውን በጥርሳቸው እያጠበቁ፣ «ዓሣውም ይምረጥ እንጂ! የፈለገ ይነክሳል፣ ያልፈለገ ልጆቹን ያሳድጋል» ይሉኝ ነበር።

የአጎቴ ልጆች ግን ለተዝካራቸው ዓሣ እናቅርብ ብለው፣ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ከወገዳ ከተማ በታች ያለውን፣ አያቴ ያጠምዱበት የነበረውን ያንኑ ወንዝ መረዙት። ጣት የማታክል ዓሣ እንኳ ሳትቀር ሆዷን ገልብጣ ተንሳፈፈች።

«ለነፍሳቸው ነው፣ ብላ እንጂ» አሉኝ።

«የሳቸውን ነፍስ በዚህ አታንሱብኝ!» ብዬ ሳህኑን መለስኩ። ሳቁብኝ።

ትናንት እሳቸው ላባ ያሰሩባትን የመጨረሻዋን መንጠቆ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ላባዋ እንደ ድሮው ተንሳፈፈች። እስኪመሽ ጠበቅኩ። የሚመርጥ ዓሣ አልነበረም።