ከምንጭ ላይ የተሠራችው ቤተክርስቲያን

የያዙኝ ከመተማ መለስ ብሎ ባለ ቆላ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ወደ ሱዳን ከሚሻገሩት ወገኖቼ መጨረሻ ላይ ነበርሁና ሌሎቹ ጫካ ገብተው አመለጡ። መንገድ የሚመራን አባቴ ነበር። ዞር ብሎ እንዳያየኝ ጸለይሁ። አላየኝም።

ጎንደር ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ የሽንት ባልዲ፣ የነቀዘ ማሽላ። ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተደርድሯል። ወታደሩ «ፈላሻ ነው፣ የጽዮናውያን ተላላኪ» ብሎ ገፈተረኝ። በአጠገቡ ያለፍሁት ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። ቡዳ ነው ብለው ነው። እኔም በሕጋችን ከወገኔ ውጭ ያለ ሰው አልነካም ነበርና የምደገፍበት ግድግዳ ፈልጌ ቆምሁ።

«እዚህ ቦታ አለ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ቆባቸውን ወስደውባቸዋል። መነኩሴ መሆናቸውን ያወቅሁት ሌሎቹ «አባ» ሲሏቸው ነው። ደርግ የሚፈልጋቸውን ተማሪዎች ገዳም ውስጥ ደብቀው ተይዘው ነበር።

የቆላው ወባ ወዲያው ጣለኝ። አባ ድርሻዬን ውሃ በጣሳ ያመጡና መሬት ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ እኔ አነሳዋለሁ። «ሕጋችሁን አውቃለሁ» አሉኝ። ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መንገዱን የሚመራው አባትህ ነው?» አሉኝ። ስቃዥ ተናግሬው ኖሯል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

«አትፍራ፤ ከእኔ ሌላ የሰማ የለም» አሉኝ።

አባ ኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት ኖረዋል። እኔ በጸሎት ብቻ የማውቃትን አገር በእግራቸው ረግጠዋታል። እንዲነግሩኝ ስለምናቸው ከከተማዋ ወጣ ብላ ስላለች አንዲት ቤተክርስቲያን ጀመሩልኝ። ስለ ቤተክርስቲያን መስማት አልፈለግሁም፤ ግን አዳመጥሁ።

«ወደ ምዕራብ ስትወርድ፣ በዓረቦች መንደር ውስጥ፣ ምንጭ ላይ የተሠራች ናት። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። የሠሯት ከባሕር ማዶ የመጡ መነኮሳት ናቸው። መጀመሪያ ሥራቸው የታመመ መንገደኛ ማስታመም ነበር። በኋላ ሰይፍ ታጠቁ።»

«መነኩሴ ሰው ይገድላል?»

«ገደሉ። በዚያ ዘመን ጦርነት የእናንተም ወገን አልቋል፤ አልደብቅህም። ማስታመሙንም ግን አልተዉም ነበር። እኔም ይኸው ነው የማይገባኝ» አሉ። «ኋላ ተሸንፈው ሄዱ። ቤተክርስቲያኗ ስንት ዘመን የከብት በረት ሆነች። በግድግዳዋ ላይ የተሳሉትን ቅዱሳን ፊታቸውን ፍቀውታል። ውሃው ግን አሁንም ከሥሯ አለ። በደረጃ ወርደህ ታገኘዋለህ፤ ቀዝቃዛ ነው።»

ለካ ክፍሉ ሁሉ ይሰማ ነበር። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው «አባ፣ የውሃውን ይድገሙልን» አለ። ደገሙለት።

ዛሬ የምኖረው እስራኤል አገር፣ ርሆቦት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር ነው። አንድ ቀን ልጄ በመኪናዋ ወስዳ ቤተክርስቲያኗን አሳየችኝ። ግንቧ እንደ ምሽግ ወፍራም ነው። የቅዱሳኑ ልብስ አለ፣ እጃቸው አለ፣ ፊት የላቸውም። ብዙ ቆምሁ መሰለኝ፣ ልጄ «አባዬ፣ ቤሰደር? ደህና ነዎት? ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። የአባም ፊት ከዓይኔ እየጠፋ መሆኑን እንዴት ልንገራት። ድምፃቸው ብቻ ነው የቀረኝ።

እስር ቤት ሳለን አባ ያን ታሪክ ካወሩን በኋላ ብዙም ሳይቆይ መርማሪው አስጠራቸው። በትኩሳት ስቃዥ ያስታመሙኝ እሳቸው መሆናቸውን ሰምቷል። ሰዎቹን ወደ ሱዳን የሚያሻግረው ማን እንደሆነ ከነገሩት ወደ ገዳማቸው እንደሚመልሳቸው ቃል ገባላቸው። ሲመለሱ ሁለት ወታደሮች ጎትተው ነው ያስገቧቸው። ውስጥ እግራቸው ተተልትሏል።

«ምን ብለው መለሱለት?» አልኋቸው።

«መንገዱን አላውቀውም አልሁት። እውነቴን እኮ ነው፤ ሄጄበት አላውቅም።»

የዕለት ውሃዬን አነሳሁ። ከኩታዬ ጫፍ ቀድጄ በውሃው ነከርሁና እግራቸውን ያዝሁ። ከወገኔ ውጭ ያለ ሰው ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። እግራቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ።

«ተው ልጄ፣ ሕግህን ታፈርሳለህ።»

«ግድ የለም፣ አባ።»

ቀስ ብዬ አጠብሁላቸው። ውሃው ሲያልቅብኝ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው የራሱን ጣሳ ዘረጋልኝ። ከእጁ ተቀበልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተከፍቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አሏቸው። እንዲህ ተብሎ ከወጣ ሰው የተመለሰ አልነበረም። ደግፌ አነሳኋቸው። ወታደሩ ሊጎትታቸው ሲል «እሄዳለሁ» አሉት። ግድግዳውን ይዘው፣ በዚያ እግራቸው፣ ራሳቸው ተራምደው ወጡ።

ከዓመታት በኋላ ተፈታሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ስመጣ ከአባቴ ጋር የተጓዙትን አገኘኋቸው። አባቴ ሱዳን መጠለያው ደርሶ፣ ታሞ፣ እዚያው ቀርቷል። ጊዜውን ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። አባ በተጠሩ ጊዜ አባቴ በሕይወት አልነበረም። ስሙን ቢናገሩ ኖሮ የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ይህን እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት አሁንም ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው የምተኛው። ከንቱ ነበር ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ አልነበረም ለማለትም አቅም ያንሰኛል።

በሱዳን መንገድ የሞቱትን በምናስብበት ቀን ከልጄ ጋር ወደ መታሰቢያው ሥፍራ እሄዳለሁ። ለአባቴ እጸልያለሁ። ሰው ሲበተን እኔ እንደቆምሁ እቀራለሁ። የአባን ስም እንኳ አላውቀውም፤ ሁላችንም «አባ» ነበር የምንላቸው።

ዘንድሮ ልጄ እጄን ይዛ «አባዬ፣ ጸሎቱ አልቋል። ያላ፣ እንሂድ» አለችኝ።

«አንድ ሰው ይቀረኛል» አልኋት።

ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አብራኝ ቆመች።